ተነቅሎ የሚመለስ መሣሪያ

ሐሙስ፣ ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሃያ። ሶዶ፣ ከመናኸሪያው ከፍ ብላ ባለች አንዲት የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ የጡረታ መታወቂያዬን ኮፒ ላስነሣ ተራ ይዤ ሳለሁ መብራት ሄደ። ሰዓቱን በእርግጠኝነት የምጽፈው መብራት በሄደ ቁጥር የእጅ ሰዓቴን የመመልከት የቆየ ልማድ ስላለኝ ነው። ባለ ሱቁ «ንቀሉ! ንቀሉ!» ሲል ከእሱ ይልቅ እኛ ደንበኞቹ ቀደምን፤ አንዲት እናት ዘንቢላቸውን አስቀምጠው ማተሚያውን፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ጎንበስ ብዬ የኮፒ ማሽኑን፣ አንድ የባጃጅ ሹፌር ደግሞ የማን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቅ ቻርጅ ላይ የነበረ ስልክ ነቀልን። በእኛ ከተማ ይህን ለማንም ማስተማር አያስፈልግም። የሄደ መብራት ሲመለስ ኃይሉን ጨምሮ ይመጣል፤ ተሰክቶ ያገኘውን ያቃጥላል። ስለዚህ እጅ ከሐሳብ ቀድሞ ይነቅላል። ማሽኑ መቀዝቀዝ ሲጀምር የጋለ አቧራና የቀለም ሽታ ጠባቧን ቤት ሞላት። ያ ሽታ ከሠላሳ ዓመት በፊት እኔና ማርቆስ ስንሠራባት የነበረችውን ክፍል ሽታ ይመስላል እያልሁ ሳስብ፣ ከኋላዬ አንዲት ሴት ስሜን ጠራች።

«ጋሼ ሰይፉ! እግዜር ነው ያገናኘን። ጠዋት ቤትዎ ሄጄ አጣሁዎት።»

ምሕረት ነበረች፤ ድሮ ኮሌጅ ያስተማርኋት፣ ዛሬ ራሷ ኮምፒውተር የምታስተምር ሴት።

«ቤቴ የሚመጣ ሰው አስቀድሞ ይደውላል» አልኋት።

«ደውዬ ነበር። ስልክዎ ዝግ ነው።»

«ትናንትም መብራት አልነበረማ።»

ሣቀች፤ ሣቋ ግን ቶሎ ጠፋ። ወደ ውጭ ወጥተን ከሱቁ ደረጃ ላይ ቆምን። «የእናንተ ማዕቀፍ ሰኞ ሥራ ሊጀምር ነው» አለችኝ።

«የእኛ የምን?»

«የእርስዎና የጋሼ ማርቆስ። የድራይቨሩ ማዕቀፍ።»

ነገሩን ከሥር ጀምራ አስረዳችኝ። በበዴሳ በኩል ባለ አንድ ጤና ጣቢያ፣ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በሚተኙበት ክፍል ውስጥ የምትቀመጥ ትንሽ ሳጥን ከባልደረቦቿ ጋር ሠርታለች። ከእያንዳንዱ ሕፃን ገላ ላይ የሙቀት መለኪያ ያለበት ቀጭን ገመድ ይለጠፋል፤ የገመዱ ሌላ ጫፍ ሳጥኗ ላይ ይሰካል፤ ሳጥኗ የእያንዳንዱን ሕፃን ሙቀት በአልጋ ቁጥር ታሳያለች፤ ሙቀቱ ከወረደ ትጮኻለች። ለሳጥኗ ከሥር ሆኖ የሚያንቀሳቅሳት ትንሽ ፕሮግራም፣ ከርነል፣ ያስፈልጋት ስለነበር ክፍል ውስጥ እንደ ምሳሌ ያስተማርኋትን የእኛን የድሮ ሥራ ወሰደች። «ከዳር እስከ ዳር የሚገባኝ ኮድ እሱ ብቻ ነው» አለች።

«ታዲያ ምን ፈለግሽኝ?»

«መብራት ሲሄድ ነርሷ ትነቅላለች።»

«ሳጥኑ ባትሪ የለውም?»

«አለው፤ አይጠፋም። የግድግዳውን ብቻ ንቀይ ብያታለሁ። እሷ ግን ለልጆቹ የሚሆኑትን ገመዶች ጭምር ከሳጥኑ ነቀለች። መብራት ሲመለስ ደግሞ ባገኘችው ቀዳዳ ሰካችው። በልጆች ሳይሆን በሁለት ኩባያ ውኃ ነው የሞከርነው፤ አንዱ ሙቅ፣ አንዱ ቀዝቃዛ። ሲመለስ ሳጥኑ ሙቁን ቀዝቃዛ፣ ቀዝቃዛውን ሙቅ አለኝ።»

ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። እየቀዘቀዘ ያለ ሕፃን በሳጥኗ ሰሌዳ ላይ ደኅና ሆኖ ይታያል፤ ደኅናው ሕፃን ደግሞ ያለ ምክንያት ማሞቂያ ይጨመርበታል።

«ገመዶቹ የየራሳቸው መለያ ቁጥር የላቸውም?»

«ርካሽ ናቸው ጋሼ። ፋብሪካው ለሁሉም አንድ ቁጥር ነው የሰጣቸው። ቁጥር ያለው ከውጭ እስኪመጣ ወራት ነው። ባለ ቀለም ፕላስተር ለጥፈንባቸው ነበር፤ በአልኮል ሲጸዱ ይለቃል።» ከዚያ ወረቀቶቿን ደረቷ ላይ አቅፋ ተመለከተችኝ። «ተነቅሎ ለተመለሰ መሣሪያ ኮዱ ውስጥ ሁለት መንገድ ትታችኋል። የትኛውን ላብራ? አዘግዪው ካሉኝም አዘገያለሁ። ግን አሁን ነርሷ፣ ሲስተር አማረች፣ በአንድ ቴርሞሜትር ነው ከልጅ ወደ ልጅ የምትሮጠው። የሰኞውን እየጠበቀች ነው።»

እኔና ማርቆስ ሳንቋጨው የተለያየንበት ጥያቄ ይህ ነበር። ነገ ጠዋት እመልስልሻለሁ ብያት መታወቂያዬን ኮፒ ሳላስነሣ ወደ ቤቴ አዘገምሁ።

ያን ጊዜ በዓመተ ምሕረት መጥራት አልወድም፤ ግድግዳዎች ላይ የአንዱ ዘመን መፈክር በሌላው ቀለም እየተሸፈነ የነበረበት ጊዜ ነው ብል ይበቃል። ሻይ ሃያ አምስት ሳንቲም ነበር፤ አንድ ካርቶን ፍሎፒ ዲስክ ግን የአንድ በግ ዋጋ ያወጣል። የምንሠራባት ክፍል በሁለት የካሴት ሱቆች መካከል ነበረች። ከቀኙ ሱቅ ክራርና ማሲንቆ ይንቆረቆራል፤ ከግራው የወላይትኛ መዘምራን ይዘምራሉ፤ ሁለቱ ባለ ሱቆች ድምፅ ማጉያቸውን በር ላይ አውጥተው እየተፎካከሩ ያስጮኹታል፤ እኛ መሐል ተቀምጠን በጨርቅ የተጠቀለለ ጥጥ ጆሯችን ውስጥ ሸጉጠን ኮድ እንጽፋለን። ማርቆስ ክርኑ ላይ ቆዳ የተጣፈበት ቡናማ የሰልባጅ ጃኬት ነበረው፤ ከገበያው መግቢያ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ተከራክሮ የገዛው ነው። እኔ ሱሪዬ በካውያ ተተኩሶ ካልተሰነጠቀ ከቤት አልወጣም ነበር፤ ፖስታ ቤቱ ጥግ ጫማዬን አስጠርጌ፣ የዳሞታ ተራራ ጭጋጉን ሲያወልቅ ጠብቄ ወደ ሥራ እገባለሁ። አሁን ያ ጥግ ባለ አምስት ፎቅ ሆኗል፤ የካሴት ሱቆቹ አንዱ ሞባይል ይጠግናል፣ አንዱ የሙሽራ ልብስ ያከራያል። ጭጋጉ ብቻ ሰዓቱን አክብሮ ይመጣል።

ማርቆስ የገሱባ ልጅ ነው፤ አባቱ ወንጌላዊ፣ እሱ የሒሳብ መምህር። የእኔ አያቶች ከሰሜን በሹመት መጥተው እዚህ የቀሩ ናቸው፤ እኔ ዩኒቨርሲቲ በደረጃ ጨርሼ፣ ወረቀቱን በመስታወት ሰቅዬ የተመለስሁ ሰው ነበርሁ። ያገናኙን በልገሳ የመጡ ኮምፒውተሮች ነበሩ። ከልዩ ልዩ አገር ለትምህርት ቤቶች የመጡ አሮጌ ማሽኖች ነበሩና ሁለት ተመሳሳይ እንኳ አልነበሩባቸውም፤ የአንዱ የቁልፍ ሰሌዳ ሌላው ላይ አይሠራም፤ በመርፌ እየወጉ የሚጽፉት ማተሚያዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጠባይ ነበራቸው። በገበያ ያለው ሶፍትዌር ለእነሱ ከባድ ነበር። ስለዚህ ትንሽ ከርነል፣ ማለትም ማሽኑን ለፕሮግራሞች የሚያከፋፍለውን መሠረታዊ ክፍል፣ ራሳችን ልንጽፍ ተነሣን።

ችግሩ ከርነሉ አልነበረም፤ ድራይቨሮቹ ነበሩ። ድራይቨር አስተርጓሚ ነው። በከተማችን ፍርድ ቤት ዳኛው በአማርኛ ይጠይቃሉ፣ ባለ ጉዳዩ በወላይትኛ ይመልሳል፣ በመካከላቸው አስተርጓሚው ይቆማል፤ ከርነልና መሣሪያም እንደዚሁ ናቸው። ለእያንዳንዱ መሣሪያ አስተርጓሚ ስንጽፍ እያንዳንዱ በራሱ ሥርዓት የሚቆም፣ በራሱ ሥርዓት የሚናገር ሆነብን፤ አንዱን ስናስተካክል ሌላው ይፈርሳል። ያኔ ነው ማዕቀፉ የታሰበው፤ ማንኛውም ድራይቨር፣ የማተሚያም ይሁን የመዳፊት (ማውስ)፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት አምስት ነገሮችን ለመፈጸም የሚገባው ቃል። መሣሪያህ መኖሩን አረጋግጥ፤ ክፈት፤ አንብብ፤ ጻፍ፤ ልቀቅ። ከርነሉ ከእነዚህ ከአምስቱ በቀር ስለ መሣሪያው ምንም ማወቅ የለበትም። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ለማጽደቅ ብቻ ስንት ቀን እንደተጨቃጨቅን ዛሬ ለሰው ብናገር ያምነኛል ብዬ አልገምትም። «ከዕለታት አንድ ቀን በእነዚህ አምስት ቃላት ላይ ስድስተኛ የሚጨምር ሰው ይመጣል» ይለኛል ማርቆስ ሊያናድደኝ። «በእኔ ዕድሜ አይመጣም» እለዋለሁ።

ተለያየን ያልሁት አምስተኛው ላይ ነው። ልቀቅ። መሣሪያው የተለቀቀው በሥርዓት ከሆነ ችግር የለም። እኛ አገር ግን መብራት ሲሄድ ሰው ይነቅላል፤ ሳያስጠነቅቅ፣ መሣሪያው በሥራ ላይ እያለ። ሲመለስም የነቀለውን መልሶ ይሰካል። ታዲያ የተመለሰው መሣሪያ ማን ነው? ቁጥር ያለው ከሆነ ቁጥሩን ይናገራል። ቁጥር የሌለውስ? እኔ የተሰካበት ቦታ ማንነቱ ነው እል ነበር፤ አንደኛው ቀዳዳ ላይ የተሰካው አንደኛው ማተሚያ ነው፤ ከርነሉ ሳይጨነቅ ይቀጥል። በዚያ ላይ ሰው ቦታውን እንዲያከብር ቀዳዳው ላይ ተጽፎ ይለጠፍበት። ማርቆስ ይስቃል። «ሰይፉ፣ አንተ የምታውቀው መሰካትን ነው፤ እኔ የማውቀው ሰኪዎቹን ነው።»

ገሱባ ትምህርት ቤት የተፈጠረውን እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ፊቴ ይሞቃል፤ ሣቅም ይቀድመኛል። አንድ ማሽን በዳይሬክተሩ ቢሮ አስቀምጠን ሁለት ተመሳሳይ ማተሚያዎች ገጠምንለት፤ አንዱ እዚያው ቢሮው ውስጥ፣ አንዱ ገመዱ በግድግዳ ቀዳዳ አልፎ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ። ጄነሬተሩ ጠፋ፤ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ሮጦ ሁሉንም ነቀለ፤ ጄነሬተሩ ተነሣ፤ ሁሉንም አቀያይሮ ሰካ። ዳይሬክተሩ የነገውን የሒሳብ ፈተና «አትም» አሉ። ቢሯቸው ውስጥ ጸጥታ ሆነ። ከግድግዳው ማዶ ግን መርፌው ይንጣጣ ጀመር። ጥቂት ቆይቶ አንዲት ተማሪ በሩን አንኳኩታ «ዳይሬክተር፣ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ አንድ ቅንፍ ጎድሏል» አለች። ፈተናው ተሰርዞ ሌላ ወጣ። እኛም በአውቶቡስ ስንመለስ ማርቆስ እስከ ሶዶ ድረስ ስለ ቅንፉ እያወራ አሳቀኝ፤ ሶዶ ስንደርስ ግን መሣቁን አቆመና ሐሳቡን ተናገረ። ቁጥር የሌለው መሣሪያ ተነቅሎ ከተመለሰ ማዕቀፉ በራሱ አይቀበለው፤ ይቁም፤ ሰውን ይጠይቅ። ይህ ማን ነው?

አልተቀበልሁትም። ከርነል ከሰው ጋር አይነጋገርም፤ ቦታው ከሥር ነው። ደግሞም ማንም ሰው ማሽን የሚጠይቀውን አያነብም፤ «አዎ» ይላል፣ ያልፋል። ያለ ማስተዋል የተሰጠ «አዎ» ካለመጠየቅ የሚሻልበት ምክንያት አልታየኝም። እሱ ደግሞ በዝምታ የሚሳሳት ማሽን ከሚቆም ማሽን ይከፋል አለ። ተኮራርፈን ሰነበትን፤ በመጨረሻ ሁለቱንም መንገድ ጽፈን ምርጫውን ክፍት አድርገን ተውነው፤ በኋላ እንወስናለን ተባባልን። በኋላ ግን አልመጣም። አዳዲስ ኮምፒውተሮች የራሳቸውን ሶፍትዌር ይዘው መጡ፤ የእኛው ሥራ ማስተማሪያ ሆኖ ቀረ፤ ማርቆስም ሃላሌ ትምህርት ቤት ተመድቦ ሄደ፤ እዚያው አገባ፣ ወለደ፣ አረጀ። የፈተና ወረቀት ሲበላሽ ሌላ ይወጣል። ያን ጊዜ ከዚህ የከፋ ነገር በዚያ ምርጫ ላይ ይንጠለጠላል ብዬ አላሰብሁም፤ ሊታሰብም የሚችል አይመስለኝም።

ከሰዓት በኋላ መብራት ሲመለስ ስልኬን ሰክቼ ወደ ሃላሌ ደወልሁ።

«ሳሮ፣ ሳሮ!» አለ ማርቆስ፣ በወላይትኛ ሰላም ሲለኝ። «ማነው የሞተው?»

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ አንተ ያለ ለቅሶ የምትደውል ሰው ነህ? በል ተናገር፣ ኢሻ።» ኢሻ በወላይትኛ ወንድሜ ማለት ነው፤ ሊሰድበኝ ሲልም በዚሁ ነው የሚጀምረው።

ነገርሁት። «አላልሁህም?» እስኪለኝ ጠበቅሁ፤ ተዘጋጅቼም ነበር።

«አምና የልጄ ልጅ እንደዚያ ያለ ክፍል ውስጥ ተኝቶ ነበር» አለኝ ቀስ ብሎ። «ነርሷ አንዲት ናት። አንዱን በቱቦ ስትመግብ ሌላው ይጮኻል፤ ደጅ ላይ ደግሞ እናትየው ታለቅሳለች። በዚያ መሐል ሳጥኑ ‹ይህ ገመድ የማን ነው?› ቢላት ምን የምትል ይመስልሃል?»

«አዎ ትላለች።»

«ሳታነብ አዎ ትላለች። አንተ ያልኸውም ይህንኑ ነበር።»

«እንግዲያው ዝም ብሎ ይቀጥል ትላለህ?»

«እንደሱም አላልሁም። ጌታ ያውቃል ሰይፉ፣ እኔ አላውቅም።»

ይህን ሁሉ ዓመት ተሳስተሃል ስለው የኖርሁት ሰው ግማሽ መንገድ ወደ እኔ ሲመጣ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን እሱ በቆመበት እንዲቆይልኝ ፈልጌ ነበር የደወልሁት፤ ከምሳዬ በኋላ ወደ እሱ ሐሳብ አዘንብዬ ነበርና፣ ሁለታችንም ቦታችንን ለቅቀን ባዶውን መሐል ትተነዋል።

ዓርብ ጠዋት ምሕረትን ሁለቱንም መንገድ እዚያው እንሞክር አልኋትና አብሬያት በሚኒባስ ወደ በዴሳ ሄድሁ። ክፍሉ ንጹሕና ሙቅ ነበር። ሦስት ሕፃናት ተኝተዋል፤ ትልቁ ከእኔ ጫማ አይበልጥም። ሲስተር አማረች ጎልማሳ፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት።

«አባባ፣ እርስዎ ነዎት የሠሩት?»

«ጥቂቱን።»

«ታዲያ ጠንከር አድርገው አይሠሩትም ነበር?» ብላ ሣቀች። «ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔ አይደለሁም የምነቅለው፤ እጄ ነው። የእናቴ ቴሌቪዥን ከተቃጠለ ወዲህ እጄ አይታዘዘኝም።»

ሕፃናቱን ሳንነካ ባዶ አልጋዎች ላይ ኩባያዎቹን አስቀምጠን ሞከርን። ምሕረት ባዶ አልጋዎቹ ያሉበትን በኩል መብራት ከቆጣሪው አጠፋች፤ አማረች ሁሉንም ነቀለች፤ መብራቱ ሲመለስ ሰካች። በእኔ መንገድ ሲሠራ ሳጥኑ ሙቁን ቀዝቃዛ ብሎ ያለ ምንም ጥርጣሬ ቀጠለ። ማስጠንቀቂያ የለም፤ ቁጥሮቹ አረንጓዴ ሆነው ቁጭ አሉ። እነዚያን አረንጓዴ ቁጥሮች ማየት ከብዶኝ ፊቴን አዞርሁ። በማርቆስ መንገድ ሳጥኑ ቆሞ ጠየቀ፤ በዚያው ቅጽበት አንዱ ሕፃን አለቀሰና አማረች ዓይኗን ከእሱ ሳትነቅል ሁለት ጊዜ «አዎ»ን ተጫነች።

ምሕረት በረንዳው ላይ ኮምፒውተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቆየች። «መንቀሏ ካልቀረ» አለች፣ «መሰካቱን በተራ ብናደርገውስ? ሳጥኑ አይጠይቃት፤ ይጥራት። ‹አልጋ አንድ› ይበል፤ ቀጥሎ የሚሰካው የአልጋ አንድ ይሁን። ካልተጠራ አይቀበል።»

«ከአምስቱ ቃል የትኛው ውስጥ ይገባል?»

«የትኛውም። ስድስተኛ ነው፤ ‹ተራህን ጠብቅ›።»

ከሠላሳ ዓመት በፊት ቢሆን እንደማልፈቅድ እርግጠኛ ነኝ። አሁን አቀርቅሬ የኮዱን መስመሮች አንድ በአንድ አብሬያት አየሁ፤ ሁለት ቦታ አስተካከልኋት፤ አንድ ቦታ አስተካከለችኝ። ከምሳ በኋላ ሦስተኛ ኩባያ ጨመርን፤ ሳጥኗም በምሕረት ድምፅ፣ በወላይትኛ፣ አልጋዎቹን መጥራት ጀመረች። አማረች ገመዱን ከአልጋው ጀምራ በጣቷ እየተከተለች ሰካች፤ ትክክል። ደገምነው፤ ትክክል። ሦስተኛው ላይ ሳጥኗ ሁለተኛውን አልጋ ስትጠራ ከደጅ አንዲት እናት ገባችና አማረችን አንድ ነገር ጠየቀቻት። አማረች እየመለሰችላት የቀረባትን ገመድ ሰካች። የሦስተኛው አልጋ ነበር።

አማረች እጇን አየችው። «እስቲ ምን ላድርገው?» አለች፣ ለእጇ ይሁን ለእኛ አልለየሁም።

«በአንድ አልጋ ብቻ እንጀምር» አልሁ በመጨረሻ። «አንድ ገመድ ብቻ ካለ ከማን ጋር ይምታታል? ሌሎቹ በቴርሞሜትሩ ይቆዩ። ቁጥር ያላቸው ገመዶች እስኪመጡ ድረስ።»

ምሕረት በእሺታ ራሷን ነቀነቀች፤ ደስ አላላትም፤ ግን ነቀነቀች። አማረች ሕፃናቱ ወደተኙባቸው ሦስት አልጋዎች ዞረች፤ ከዚያም እኔን ተመለከተችኝ።

«የትኛው ልጅ ነው አባባ?»

እኔ የመሣሪያ ሰው ነኝ። ይህን ሐኪሙ ይወስን ብዬ ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ ሦስቱን ፊቶች ለማስታወስ ሞከርሁ፤ አንዱን ከሌላው መለየት ግን አልቻልሁም።

ሳይፈታ የቀረውን እዚህ ላይ መዝግቤ ልለፍ። ሰኞ ሳጥኑ በአንድ ገመድ ይጀምራል። ሁለተኛው ገመድ በሚጨመርበት ቀን ማዕቀፉ ይቀጥል፣ ይጠይቅ ወይስ ይጥራ፣ እኔም ማርቆስም ምሕረትም አልወሰንንም።